ክዳኑ ለምን ያልበዋል?

በረዶው ሳህኑ ላይ ከተቀመጠ ብዙም አልቆየ፤ ዳር ዳሩ መቅለጥ ጀምሯል። ልጆቹ ዙሪያውን ከበው ጣታቸውን ያሳርፉበትና ቶሎ ያነሳሉ። ሥርጉት በረዶውን ከመንገዱ ማዶ ካለው ለስላሳ መሸጫ ለምና ስላመጣችው ማንም አፉ ውስጥ እንዳይከተው ዓይኗን አልነቀለችም።

«ምን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ጠጣር።»

«አሁንስ?»

«ፈሳሽ» አሉ ሁሉም፤ ስጦታው የሚባለው ልጅ ግን በረዶው ገና ስላላለቀ ሁለቱንም ነው ብሎ ተከራከረ። ልክ ነበር። ሥርጉት ሳቀችና ልክ ነህ አለችው።

ሥርጉት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ልጆቹ አራተኛ ክፍል ናቸው። መምህርታቸው ራዲያ እዚሁ ቢቸና፣ የሥርጉት እናት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ የእነሱው ክፍል ተማሪ ከሆነችው ከልጇ ከሐናን ጋር ትኖር ነበር። ራዲያ የሞጣ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ከአያት ጀምሮ ነጋዴዎች ሲሆኑ እሷ ብቻ መምህርነትን መርጣ ቢቸና ተመደበች። ከሐናን አባት ጋር የተለያዩት ሐናን ገና በእግሯ ሳትሄድ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የጉበት ሕመም ሲጠናባት ወንድሟ ሙሂዲን ባሕር ዳር ወስዶ ሊያሳክማት አስቦ መጀመሪያ ወደ ሞጣ ወሰዳት። ሐናን ከትምህርቷ እንዳትቀር እነ ሥርጉት ቤት ቀረች።

ከመሄዷ በፊት ራዲያ ሥርጉትን ጠርታ በእሷ ምትክ የሚያስተምር እንዳልተገኘ ነገረቻት። ከትምህርት ቤት መልስ የሰፈሩን ልጆች ግቢው ውስጥ ሰብስባ ስለ ጠጣር፣ ስለ ፈሳሽና ስለ ጋዝ ብታስተምርላት ደስ እንደሚላት ጠየቀቻት። ሥርጉት አልችልም ብላ ነበር። ራዲያ ግን ትራሷን ተደግፋ ትምህርቱን ከነአሠራሩ አሳየቻት። መጀመሪያ ይንኩት፣ ያሽትቱት፣ ከዚያ ስሙን ትነግሪያቸዋለሽ አለቻት።

በመጀመሪያው ቀን ስጦታው፣ ጤፍ እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ የገባበትን ዕቃም ቅርጽ ይይዛል፣ ታዲያ ጤፍ ፈሳሽ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሥርጉት የምትመልሰው ጠፋት። ማታ ሞጣ ስትደውል ራዲያ ሕመሟን እስክትረሳ ሳቀች። አንዲት ፍሬ ለብቻዋ ስጪውና ቅርጿ ይለወጥ እንደሆነ ራሱ ይይ አለቻት።

ሐናን በየቀኑ አመሻሹ ላይ ለእናቷ ትደውላለች። ሰሞኑን እናትና ልጅ በስልክ የሚከራከሩት ስለ ድስት ክዳን ነው። ወጥ ሲሠራ ክዳኑ ውስጡ ላይ ውሃ ያቆራል። ሐናን ክዳኑ ስለሚሞቀው ነው የሚያልበው ትላለች። ራዲያ ደግሞ መልሱን አልነግርሽም፣ ራስሽ ድረሺበት ትላታለች።

በረዶው በመጣበት በዚያ ዕለት ሥርጉት የከሰል ምድጃው ላይ ውሃ ጥዳለች። ሐናን ግን አንድ ድስት አይበቃም አለች። ሌላ ድስት በቀዝቃዛ ውሃ ሞልታ ሁለተኛ ክዳን ፀሐይ ላይ አሞቀችና ከደነችው።

«ያልበው የነበረው ስለሚሞቀው ከሆነ ይሄኛውም ማላብ አለበት» አለች።

ሥርጉት ይህን አላሰበችውም ነበር። ራዲያ ብታይ ምን ያህል ደስ ይላት ነበር ብላ ስታስብ እናቷ ወለተ ገብርኤል ስልክ እንደያዘች በር ላይ ብቅ ብላ በእጇ ጠራቻት። ሥርጉት ሐናንን ልጆቹ እሳቱን እንዳይጠጉ ጠብቂ ብላት ወደ ቤት ገባች።

እናቷ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች።

«ራዲያ አርፋለች» አለች።

እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። ራዲያ ንጋት ላይ አርፋ ከቀትር በፊት ተቀብራለች። ባሕር ዳር ሊሄዱ ያሰቡት ለነገ ነበር። የደወለው ሙሂዲን ነው። ነገ ጠዋት ራሱ መጥቶ ሐናንን ይወስዳታል፤ መርዶዋን ሞጣ፣ አያቷና አክስቶቿ ባሉበት እንድትሰማ ይፈልጋል። እስከዚያ አንድ ቃል እንዳይወጣችሁ ብሎ ለምኗል። ወለተ ገብርኤልም ቃል ገብታለታለች።

ሥርጉት ልጆቹን ላሰናብታቸው ወይ ብላ ጠየቀች።

«ካሰናበትሻቸውማ ሐናን ትጠረጥራለች። እንደጀመርሽው ጨርሺ። ፊትሽን ታጠቢና ውጪ።»

ሥርጉት ፊቷን ታጥባ ወጣች። ምድጃው ላይ ያለው ድስት ይንተከተካል። ልጆቹ በረዶውን ረስተው ሁለቱን ድስቶች ከበዋል። ሥርጉት ጨርቅ ይዛ የሚፈላውን ከፈተች። ክዳኑ ውስጡ በጠብታ ተሞልቷል። ቀጥሎ ሐናን የሁለተኛውን ክዳን አንስታ መዳፏን አሳለፈችበት። ሙቅ ነው፤ ግን ደረቅ ነው።

ሐናን መዳፏን አየች። ከዚያ የሚፈላውን ውሃና ወደ ላይ የሚወጣውን እንፋሎት አየች።

«ክዳኑ አይደለም ያላበው» አለች ቀስ ብላ። «ውሃው ነው ተነስቶ የመጣው። ቀዝቀዝ ሲለው ተመልሶ ውሃ ሆነ።»

ልጆቹ አጨበጨቡላት። ሥርጉት ጠመኔ አንስታ በሩ ላይ በተደገፈችው ጥቁር ጣውላ ላይ መጻፍ ጀመረች። ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ። በመካከላቸው ቀስት አሰመረች። ጽፋ ከጨረሰች በኋላም ፊቷን ወደ ልጆቹ ለመመለስ ስላልቻለች ያሰመረቻቸውን ቀስቶች ደግማ ደጋግማ አደመቀቻቸው።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ሐናን ስልክ ስጡኝ አለች። ወለተ ገብርኤል ኔትወርክ ጠፍቷል አለቻት። ይህ ቢቸና ውስጥ የተለመደ ስለሆነ ሐናን አልተጠራጠረችም። ግን ደስታዋን እስከ ነገ ማሳደር አልቻለችም።

«እንግዲያው መልእክት ጻፊልኝ። ኔትወርክ ሲመጣ ራሱ ይሄድላታል» አለቻት ሥርጉትን።

ሥርጉት እናቷን አየቻት፤ እናቷ መሬት መሬት ታያለች። የራዲያ ስልክ ይህን ጊዜ ተዘግቶ ይሆናል ብላ ሐናን ያለቻትን ጻፈች፦ «ኡሚ፣ ክዳኑ አይደለም ያላበው፣ ውሃው ነው። በሁለት ድስት ሞክሬ አየሁት። ስትመጪ አሳይሻለሁ።» ሐናን ራሷ ላኪ የሚለውን ነካችው።

እራት ሳይቀርብ ስልኩ ጮኸ። ቀድማ ያነሳችው ሐናን ናት።

«የኔ ጎበዝ ልጅ» ብላ አነበበች። ደግማ አነበበችው። «ኡሚ መለሰችልኝ። ኔትወርኩ መጥቷል፣ እንደውልላት።»

ወለተ ገብርኤል ደንግጣ ተነሳች። «አሁን አይሆንም ልጄ። እናትሽ አረፍ ብላለች፤ ደክሟታል።»

ሐናን እሺ አለች። ስልኩን ለሥርጉት መለሰችና መጥረጊያ ይዛ ግቢውን ተሻግራ ወደ እናቷ ክፍል ሄደች። ሥርጉት ተከትላት ምን ልታደርጊ ነው ብላ ስትጠይቃት፣ ክፍሉ አቧራ ለብሷል፣ ኡሚ ስትመጣ እንዲህ ሆኖ ማግኘት የለባትም አለቻት። ሰሞኑን እኮ ስልክ እንኳ ሙሂዲን ነበር የሚይዝላት። አሁን ግን ራሷ መጻፍ ከቻለች ተሽሏታል ማለት ነው። ተቀምጣ ነው የጻፈችው። ሐናን ይህን ሁሉ የተናገረችው ፍራሹን እያነሳች ነው።

ሥርጉት ተመልሳ መጥታ እናቷ ፊት ቆመች። አልቻልኩም፣ ልንግራት ነው አለች። እናቷ ቃል ገብቻለሁ፣ ልጅቷ የእነሱ ናት፣ ነገ ጠዋት ሩቅ አይደለም አለቻት። ልክ እንዳልሆነች ሥርጉት ልታስረዳት አልሞከረችም። የሙሂዲንን ቁጥር አውጥታ ደወለች።

«እትዬ ወለተ ኖት?» አለ ሙሂዲን። ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ሥርጉት ነኝ ጋሼ። እግዜር ያጥናዎት።» ከዚያ የሚቀጥለው ቃል እንዳይጠፋት ቶሎ ብላ ተናገረች። «ሐናን የእናቷን ቤት እየጠረገች ነው። መልእክቱን ኡሚ የጻፈችው መስሏት፣ ተሽሏታል ብላ ነው።»

ከኋላው የነበረው የሰው ድምፅ እየራቀ ሄደ።

«ስልኩ እጄ ላይ ነበር» አለ ሙሂዲን። «ሳነበው ዝም ልላት አልቻልኩም። እህቴ ብትኖር እንዲህ ነበር የምትላት። ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን ዛሬ በዚህ ደስታ ተኝታ ነገ ስትሰማው ማናችንንም ደግማ አታምነንም።»

ሙሂዲን ሲያለቅስ ተሰማት። ትልቅ ሰው በስልክ ሲያለቅስ ሰምታ ስለማታውቅ ስልኩን ከጆሮዋ ሳትለይ ጠበቀችው። በኋላ እናትሽን አቅርቢልኝ አላት። ወለተ ገብርኤል እየሰማች ብዙ ጊዜ እሺ አለች። ስልኩን ዘግታ እንደያዘች ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች።

«አብረን እንግባ» አለች።

ሐናን ቆሻሻውን በር ላይ ሰብስባ አንሶላውን እየዘረጋች ነበር። ወለተ ገብርኤል ከአልጋው ላይ ተቀምጣ ወደ እሷ ሳበቻት። ራዲያ በጣም ታማ እንደነበር፣ ሰው ሁሉ የቻለውን እንዳደረገ፣ የአላህ ፈቃድ ሆኖ ግን እንዳልተሳካ ነገረቻት።

«ኡሚሽ ዛሬ ጠዋት አረፈች የኔ ልጅ።»

«አዎ፤ ደክሟት አረፍ ብላለች ብላችሁኛል» አለች ሐናን።

ወለተ ገብርኤል ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሐናን ግራ ተጋብታ ወደ ሥርጉት ዞረች። ሥርጉት መሬት ላይ ተንበርክካ ሁለቱንም እጆቿን ያዘቻት። ትንንሽ መዳፎቿ አቧራ ናቸው።

«ሐናን፣ ኡሚ ሞተች።»

ሐናን አላለቀሰችም። ሥርጉትን አየቻት፣ ወለተ ገብርኤልን አየቻት፤ ከዚያ ወለተ ገብርኤል አልጋው ላይ ያኖረችውን ስልክ አየች።

«መልእክቱንስ ማን ጻፈው?»

«አጎትሽ ሙሂዲን።»

«ስለዚህ አላነበበችውም።»

ሥርጉት ልታጽናናት የምትችልባቸው ብዙ ቃላት አፏ ላይ መጡ። ታውቃለች፣ ትሰማሻለች፣ ከላይ ሆና ታይሻለች። ግን የልጅቷ ዓይኖች የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አላነበበችውም» አለቻት።

ሐናን የጮኸችው ያን ጊዜ ነው። ጎረቤቶች እየተሯሯጡ ገቡ፤ ግቢው በልቅሶ ተሞላ።

በማግስቱ ጠዋት ሙሂዲን እስኪመጣ አልጠበቁም። ሦስቱም በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈሩ። ደብረ ወርቅን አልፈው እስኪሄዱ ድረስ ሐናን መስኮቱ ላይ ያስደገፈችውን ራሷን አላነሳችም። ሞጣ ሲደርሱ ሙሂዲን መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ሐናንን ሲያይ ከፊቷ ቁጢጥ ብሎ ይቅር በይኝ አላት። ሐናን አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ይቅር ማለቷ ይሁን ወይም የምትይዘው ሰው መፈለጓ ሥርጉት ማወቅ አልቻለችም።

በለቅሶ ቤቱ ወንዶቹ ውጭ ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሐናን በአያቷም በአክስቶቿም እቅፍ ካለቀሰች በኋላ ዞራ መጥታ ሥርጉት አጠገብ ተቀመጠች። የሥርጉትን ቀሚስ ጫፍ በእጇ ጨብጣ ጭኗ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከሰዓት በኋላ ወለተ ገብርኤል በር ላይ ሆና ሥርጉትን ጠራቻት። ወደ ቢቸና የሚመለሰው መኪና ሊሞላ ነው፤ ሥርጉት ደግሞ በማግስቱ የሒሳብ ፈተና አለባት። ሥርጉት በሐናን ጣቶች ውስጥ ያለውን ቀሚሷን ተመለከተች። ቀስ ብላ ብታላቅቀው ልጅቷ ላትነቃ ትችላለች።

«እማዬ፣ አንቺ ሂጂ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ፈተናውን በኋላ እንዲፈትነኝ ቲቸርን እለምነዋለሁ።»

እናቷ ልትከራከራት አፏን ከፍታ የተኛችውን ልጅ አየችና ተወችው። ነገ ለሚመጡት ልጆችስ ምን ልበላቸው ብላ ጠየቀቻት።

ሥርጉት ትንሽ አሰበች።

«እስክትመጣ ጠብቋት በያቸው። የቲቸር ራዲያን ነገር እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

እናቷ ነጠላዋን አውልቃ በሐናን ላይ ደረበችላትና ወጣች። ሥርጉት እግሯ ደንዝዞ ነበር። ልጅቷን ላለመቀስቀስ እየተጠነቀቀች ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።