ሳልፈትሽ የፈረድኩባቸው ሴት

በኮምፒውተር ጥገና ሙያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ያበላሸሁት ዕቃ የለም አልልም፤ ዕቃ ግን ይተካል። ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ በሰው ላይ ስላደረስኩት ጉዳት ነው።

መሥሪያ ቤታችን የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ባለጉዳዩ ከጠዋት ጀምሮ በረጅሙ ኮሪደር ይሰለፋል። ሦስተኛው መስኮት ላይ ያለው ኮምፒውተር ጠዋት ደህና ሲሠራ ይቆይና ረፋድ ላይ ኔትወርኩ ድርግም ብሎ ይጠፋል። መዝገቡ ሌላ ክፍል ካለው ዋናው ማሽን ላይ ስለሚመጣ፣ ያን ጊዜ ፀሐፊዋ እጇን አጣጥፋ ከመቀመጥ በቀር ምንም ማድረግ አትችልም። ሰልፉ ይንጫጫል፣ ኃላፊው ይቆጣሉ፣ እኔ እጠራለሁ።

አንድ ቀን እንዲሁ ስጠራ ሌላ ፎቅ ላይ ሥራ ጀምሬ ስለነበር እየተነጫነጭኩ ወረድኩ። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ኬብሉን ነቀልኩና መልሼ ሰካሁት። ከመሰኪያው አጠገብ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት በራች፤ ኔትወርኩም ተመለሰ።

"ምን ሆኖ ነው?" አሉ ኃላፊው።

"ኬብሉን የሚነካካው ሰው አለ" አልኳቸው ሱሪዬን እያራገፍኩ።

ወገኖቼ፣ ይህን ስል አንድም ነገር አልፈተሽኩም ነበር። ኬብሉም ላልቶ አላገኘሁትም። ቶሎ ተገላግዬ ወደ ጀመርኩት ሥራ መመለስ ብቻ ነበር የፈለግኩት።

ጠረጴዛ ሥር ሁልጊዜ የሚገቡት ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው። "እትዬ ቀስ በሉ" እንላቸዋለን። ወለሉን በወለወሉ ቁጥር፣ "ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ወድቃችሁ እኔን እንዳታስከስሱኝ!" ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው። ኃላፊው እዚያው ሰልፉ ፊት አስጠሯቸው።

"ኬብሉን እስከ መቼ ነው የሚነቅሉብን?"

"የቱን ኬብል ጌታዬ?"

"አላውቅም ለማለት ነው? ባለሙያው አይቶ ነግሮናል።"

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ ስነቅል አይተኸኛል?"

"ሳይታወቅዎት በመወልወያው ነክተውት ይሆናል" አልኩ። የእኔ "ይሆናል" ኃላፊው ዘንድ ሲደርስ "ነው" ሆነ። በሳምንቱ እትዬ "በንብረት ላይ ጉዳት በማድረስ" የሚል ደብዳቤ ተሰጥቷቸው ተሰናበቱ። እኔም በልቤ ነገሩን ዘጋሁት።

በሄዱ በአራተኛው ቀን ፀሐፊዋ ደወለችልኝ። "ኔትወርኩ ጠፍቷል" አለች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አሁንስ ማን ነካው እንበል?" አለችኝ።

ገና ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝን ያን ቀን አደረግኩ። ኬብሉን በአዲስ ቀየርኩት፤ ለውጥ የለም። ያንኑ ኬብል ላፕቶፔ ላይ ስሰካው ግን ያለ እንከን ሠራ። እንግዲህ ኬብሉም የግድግዳው መሰኪያም ደህና ናቸው ማለት ነው። የኔትወርኩን ሶፍትዌር አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፤ ግማሽ ሰዓት ሠራና ቆመ። የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚዘረዘሩበትን ገጽ ስከፍት የኔትወርኩ ክፍል ዓይኔ እያየ ከዝርዝሩ ጠፋ። ማሽኑን አጥፍቼ እስኪበርድ ጠበቅኩ፤ ስከፍተው ክፍሉ ተመልሷል። ሲግል ደግሞ ጠፋ። ያን ዕለት ኬብሉን ስሰካ ኔትወርኩ የተመለሰው በአጋጣሚ ነበር ማለት ነው። የታመመው ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራው የኔትወርክ ክፍል ነበር። እሱን ዘግቼ ለብቻው የሚገጠም የኔትወርክ ካርድ አስገባሁለት። በዚያው ተስተካከለ።

ለኃላፊው ነገርኳቸው።

"ደግ፣ ተሠራ አይደል?" አሉ።

"እትዬስ?"

"ደብዳቤው አንዴ ወጥቷል። አንተም ባታራግበው ይሻልሃል፤ መዘዙ ለራስህ ነው።"

እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ እፎይ ብዬ ነበር። ሥራ ስወጣ ግን እግሬ ወደ ቤት አልሄድ አለኝ። አድራሻቸውን ከፀሐፊዋ ተቀብዬ ሄድኩ። የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው በር ከፈተችልኝ። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ልብስ ያጣጥፋሉ።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የማሽኑ ነበር። ከማሽኑ ቀጥሎ ደግሞ የእኔ ነው።"

"እኔማ እንዳልነካሁት አውቃለሁ" አሉ ቀና ሳይሉ። "ሥራ ስጠይቅ ደብዳቤውን እያዩ ይመልሱኛል፤ እሱንም ችዬዋለሁ። ይህቺ ልጄ ግን 'እማዬ፣ እውነት አልነካሽውም?' አለችኝ። የገዛ ልጄ! ምን ታድርግ፣ ባለሙያ ነው የተናገረው።"

ልጅቷ በሩ ላይ እንደቆመች አንገቷን ደፋች።

"ምን ላድርግልዎት?" አልኩ።

"ለእኔ አትንገረኝ። ለእሷ ንገራት። ከዚያ ሰልፉ ፊት ተናገር፤ ያዋረዳችሁኝ እዚያ ነው።"

ወደ ልጅቷ ዞሬ ሁሉንም ነገርኳት። ሄዳ እናቷ ጭን ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

በማግሥቱ የምርመራውን ውጤትና የእኔን ጥፋት ጽፌ ፈረምኩበት። ኃላፊው ሲያነቡት ፊታቸው ተለዋወጠ። "ራስህን እያስቀጣህ እኮ ነው!" አሉኝ። በእርግጥም ተቀጣሁ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ዛሬም ፋይሌ ውስጥ አለ። የእትዬ የስንብት ደብዳቤ ግን ተሻረ።

ሰኞ ጠዋት እናትና ልጅ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ሰልፉ ፊት ሆኜ፣ "እኚህ ሴት ምንም አላጠፉም። ሳልፈትሽ የተናገርኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው፣ "እኔም ሳልጠይቅ ፈርሜያለሁ። ይቅር ይበሉኝ እትዬ" አሉ።

እትዬ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን፣ "ይቅር ብዬሃለሁ፤ ልጄ የጠየቀችኝን ግን እንዳልሰማሁ መሆን አልቻልኩም" አሉኝ። እኔም አልቻልኩም።

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቤቱ፣ አንድ ነገር ሲበላሽ ጣታችንን አቅመ ደካማው ላይ ለመቀሰር እንቸኩላለን። በሙያችሁ የምትታመኑ ሰዎች በተለይ ተጠንቀቁ፤ እናንተ በግምት የምትናገሩትን ሌላው እንደ ፍርድ ይወስደዋል። ያን ቀን "ገና አላወቅኩም፣ ልፈትሸው" ብል ኖሮ የሚወስድብኝ የግማሽ ቀን ሥራ ብቻ ነበር።