የአንገት ቆራጩ ዳቦ

ሸማኔ የሚባለው ሰው የይለፍ ቃሉን ሳያዛንፍ ተናገረ።

«ሊሞዥ ከተማ ዝናቡ አባርቷል?»

«ለቸኮለ ሰው አላባራም» አለች ሶላንዥ።

የምስጢር ስሟ ዋኖስ ነው። ባሏ አርማን ከወንዙ ማዶ ጣሪያ ሥር ከነሬዲዮው ተደብቋል። ጀርመኖች የፈረንሳይዋን ከተማ ሊዮንን ቤት ለቤት እያሰሱ ነው። ሸማኔ ዛሬ ካላወጣው ነገ ያልቅለታል። ይህን ሰው እንደ መልአክ ነበር የጠበቀችው።

«አይዞሽ፣ አወጣዋለሁ» አለ። «የገጠር ጋጋሪ ልጅ ነኝ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ።»

የተቀመጡበት ምግብ ቤት ባለቤት፣ የሶላንዥ አክስት ቤርት፣ ዳቦ አመጣች። ለእንግዳ ሁሉ እንደምታደርገው፣ ገልብጣ ፊቱ አስቀመጠችው።

ድሮ በንጉሡ ዘመን ጋጋሪዎች ለአንገት ቆራጩ የለዩለትን ዳቦ ይገለብጡት ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው። ዛሬም መጥፎ ገድ ስለሆነ የተገለበጠ ያየ ፈረንሳዊ ሁሉ ሳያስበው ያቃናዋል። የጋጋሪ ልጅማ በጥፊ ነው የሚማረው።

ሰውየው ሳያቃናው ቆርሶ ጎረሰ።

ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። እውነተኛው ሸማኔ ተይዟል ማለት ነው።

«እንሂድ?» አለ ሰውየው።

«እንግዳ ፊት ካየ ይሸሻል። ብቻዬን ሄጄ ላምጣው።»

የሰውየው ፊት ጠቆረ። «ይሁን» አለ ወደ ቤርት እያየ። «ማዳም ግን እስክትመለሺ ከእኔ ጋር ናት።»

ከመስኮቱ ውጭ ጥቁር የጀርመኖች መኪና ቆሟል።

ከባሏ ጋር ብትመለስ አርማን አለቀለት። ባትመለስ አክስቷ።

«ሂጂ እንጂ ልጄ፣ ምን ይገትርሻል?» አለች ቤርት። «እኔ ለዚህ ሙሴ ወሬ አላጣለትም!»

ዳቦውን እንደተገለበጠ ወደ ራሷ ሳበችው።

ሶላንዥ ገባት፤ አክስቷ የአንገት ቆራጩን ዳቦ ለራሷ ወሰደች። ተነስታ ወጣች።

ከመኪናው የወረደ አንድ ሰው ተከተላት። በአንዱ ጎዳና አስገብተው በሌላው በሚያወጡት የሐር ሠሪዎች ስውር መተላለፊያዎች ውስጥ አመለጠችው። ከዚያ አርማንን ከነሬዲዮው ለራሷ ማምለጫ በተያዘው የከሰል ጀልባ ሆድ ውስጥ ከተተችው። ቦታው የአንድ ሰው ነበር።

«አክስትሽስ?» አላት።

«ጎንበስ በል» አለችው።

ሬዲዮው በሌላ ከተማ እንደገና ሠራ። ቤርትን ግን ዳግም ያያት የለም።

ከወራት በኋላ፣ ሩቅ ወደብ ላይ፣ ሶላንዥ በሌላ ስም የምትጠራ አስተናጋጅ ሆና ዳቦ አቀረበች።

«ማዳም፣ ተገልብጧል እኮ!» አለ አንድ ሽማግሌ እያቃናው።

«ይቅርታ፣ ሙሴ» አለች።

ማድ ቤት ገብታ መሀረቧን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ሾርባውን ይዛ ወጣች።