የመምህር ታዲዮስ ብረት ለበስ

የሟቹ ፊት በሕይወት ካለ ሰው ፊት ይልቅ ቀልቶ ነበር። ኢንስፔክተር የትምወርቅ ነጩን ጨርቅ ገልጣ አየችውና መልሳ ሸፈነችው። የከሰል ጭስ የገደለው ሰው እንዲህ እንደሚሆን ታውቃለች። ከደብረ ብርሃን እስከዚህች የመንዝ ከተማ፣ ቀየት ድረስ መንገዱ ሲያላትማት ነው የመጣችው፤ እዚህ ደርሳ የሰማችው ወሬ ደግሞ ይባስ አስከፋት።

የፊዚክስ መምህሩ ታዲዮስ ቅዳሜ ማታ ሞቶ እስከ ሰኞ ረፋድ አልተቀበረም። ካህናቱ እምቢ ብለዋል። በሩን ከውስጥ በሽብልቅ ዘግቶ፣ ፍም የሞላ ማንደጃ አጠገቡ አስቀምጦ የተኛ ሰው ራሱን ገድሏልና ፍትሐት አይገባውም ተባለ። ለቀስተኛው ማልቀስም መሄድም ፈርቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ደጅ ላይ ይተያያል።

«እመቤቴ፣ እሱ እኮ ከሰል እንደ እባብ ነበር የሚፈራው» አለች ሚስቱ ጥሩሸዋ። እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል የትምወርቅ በክንዷ ይዛ አስቀረቻት። «ብረት ማጋያውን ማንደጃ ደጅ ሳያወጣ ተኝቶ አያውቅም። ተማሪዎቹንም የሚመክረው ይኼንኑ ነበር።»

«ችግሩ እሱ ነው ልጄ» አሉ ቄስ ወልደ ጻድቅ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው። «የማያውቅ ሰው ቢሆን አደጋ ነው እንል ነበር። እያወቀ ያደረገው ግን ሌላ ነው። ቀኖናውን እኔ አላወጣሁት።»

«ታዲያ የት ሊቀበር ነው፣ አባ?»

«ከቅጥሩ ውጭ ጉድጓድ እየተቆፈረ ነው። ዛሬ ከሰዓት ያልቃል።»

ጥሩሸዋ ጩኸቷን በነጠላዋ አፈነች። የትምወርቅ ቄሱን በአክብሮት እጅ ነሥታ ወደ ጓሮ አለፈች፤ ጉድጓዱ ሳያልቅ ነገሩን መጨረስ ነበረባት።

ታዲዮስ የሞተባት የሥራ ክፍሉ ባለ አንድ መስኮት ጭቃ ቤት ናት። በሩን ስትከፍት የተቀበላት ሽታ ወደ ኋላ መለሳትና መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። የሻገተ የበግ ሞራ ነው። ከተማው ቆሻሻ ብሎ የጣለው ሁሉ እዚህ ተከምሯል፤ በመካከሉ ታዲዮስ ለፈጠራ ሥራ ውድድር የሠራት ብረት ለበስ ታንክ ቆማለች። ክንድ የምታህል ናት። ሰውነቷ የዘይት ቆርቆሮ፣ ማማዋ የሰርዲን ጣሳ፣ መድፏ የእስክሪብቶ ቀፎ፤ እግሯን የሚጠመጥመው ሰንሰለት ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ። ሪሞቷ ከቻይና መጫወቻ መኪና የተነቀለ ነው። ግሪስ መግዣ ስላጣ የማርሽ ጥርሶቿን የሚያለሰልሰው በሞራ ነበር። የትምወርቅ በእጁ ጥበብ ተገረመች።

በሩን የሰበረው ሬዲዮ ጠጋኙ ምንይሉ ነበርና አስጠራችው።

«እሑድ ጠዋት ጥሩሸዋ ጮኻ ጠራችኝ። በትከሻዬ ስገፋው ሽብልቁ ተስፈንጥሮ ወደቀ።»

«ብረት ለበሷ የት ነበረች?»

«በሩ ሥር። ልረግጣት ስል ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሪሞቱ ደግሞ እዚያ፣ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛው ላይ ነበር።»

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«አልደብቅዎትም፣ ተጣልተን ነበር። ሞተር ፍለጋ የደንበኛ ቴፕ ፈትቶብኝ! በኋላ ግን ተውኩት፤ እሱ ላይ ቂም መያዝ አይቻልም። ቅዳሜ ከሰዓት እንኳ ለሪሞቱ የባትሪ ድንጋይ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከሬዲዮ የወጣ፣ ያለቀለት ድንጋይ ነው፤ ፀሐይ ላይ አብረን አሰጣነው።»

የትምወርቅ ሪሞቱን ከጀርባው ከፈተች። ሁለቱ ትንንሽ ድንጋዮች ወገባቸው ላይ ተነክሰዋል። የጥርሱ ምልክት በአንድ በኩል ጠልቆ፣ ቀጥሎ ክፍት ትቶ እንደገና ይቀጥላል። የሌላ ሰው አፍ የገባ ነገር መያዟ ቀፈፋት።

«አንተ ድንጋይ ትነክሳለህ?»

«እኔ? ያለቀው ይነቃል ብለው ሲነክሱት ደንበኞቼን የምቆጣበት ነገር! ሲነከስ ውስጡ ያለው መርዝ ፈስሶ ሬዲዮውን ይበላዋል። ታዲዮስማ ከእኔ ይብሳል፤ ሲነክስ ያገኘውን ተማሪ አፉን በሳሙና ነው ያሳጠበው። ስሰጠው ጥርስ ያልነካው ነበር።»

ምንይሉን አሰናብታ ብቻዋን ቀረች። የሽብልቁን ወፍራም ጫፍ ስታይ የመዶሻም የድንጋይም ምት የለበትም፤ ሞራና በቆርቆሮ የተጫረ ቀጭን መስመር ግን አለበት። ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች፤ ሁለት የሞራ መስመሮች ጎን ለጎን እየተጠማዘዙ ወደ በሩ ይሄዳሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። የብረት ፍርግርጉ ደህና ነው፤ አንዱ መስታወት ረግፎ ክፍተቱ በፌስታልና በጨርቅ ተወትፏል። ከውስጥ ብትስብ፣ ብትጎትት እምቢ አላት። ወደ ውጭ ዞራ በሁለት ጣቷ ሳበችው፤ ሳይታገላት ወጣ።

«አንተ የተረገምክ» አለች ለማታውቀው ሰው።

ቅዳሜ ማታ ከሟቹ ጋር ማምሸቱ ስለተነገራት ያስጠራችው የትምህርት ቤቱ ምክትል ርእሰ መምህር በዕውቀቱ፣ በሽቶ ተነክሮ፣ ጥቁር ከረባት አሥሮ መጣ። ዓይኑን በመሐረብ ይጠርጋል፤ መሐረቡ ግን ደረቅ ነው። ከላይ አንዱ የፊት ጥርሱ ወልቋልና ሲናገር ከንፈሩን ይሰበስባል።

«ከሁሉም የተጎዳሁት እኔ ነኝ፣ ኢንስፔክተር። እንደ ወንድሜ ነበር።»

«ከወንድምዎ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ፤ ምን አጣላችሁ?»

«ኧረ ትንሽ ነገር ናት። በወረዳው ግምገማ ላይ ብረት ለበሷን በእኔ ስም አቀረብኳት። የአመራር ሥራ ነው እኮ! ራሴ ሪሞቱን ይዤ አዳራሹን ሳዞራት ጭብጨባውን ቢሰሙት...» ፊቱ በራ፤ ሐዘኑ ትዝ ሲለው መልሶ አጠቆረው። «ቅዳሜ አባ ወልደ ጻድቅ አስታረቁን። ማታ ለእርቁ ብዬ አረቄ ይዤ መጣሁ።»

«ያን ማታ ብረት ለበሷን ነካችኋት?»

«በፍጹም! ዞር ብለንም አላየናት። ስለ እርቅ ብቻ ነው ያወራነው። 'ሕይወት መረረኝ' ብሎኝ ነበር፤ ምነው ያኔ በነቃሁ! ስወጣ በሩን ከኋላዬ ዘጋው፤ ሽብልቁን በድንጋይ ሲመታው ሰምቻለሁ።»

የትምወርቅ አመስግና ሸኘችው። እጁን ሲዘረጋላት ግን እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

ከሰዓት በኋላ ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ይዘው ሲመለሱ ቃሬዛው ግቢው ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። የትምወርቅ ብረት ለበሷን አውጥታ ከሁሉም ፊት መሬት ላይ አኖረቻት።

«ቀብሩን አላዘገይም» አለች። «ይህቺን ግን ወደ ደብረ ብርሃን ልወስዳት ነው። ዞን ለውድድር ይፈልጋታል። ካልተንቀሳቀሰች ግን ምን ታደርግላቸዋለች? እስቲ አስነዱልኝ።»

ሪሞቱን መጀመሪያ ለጥሩሸዋ ሰጠቻት። ጥሩሸዋ ገልብጣ ይዛው፣ «እኔ ምኑን አውቄ» ብላ መለሰች። ምንይሉ ቁልፉን ቢጫን ብረት ለበሷ ፍንክች አላለችም። ድንጋዮቹን አወጣ፣ በሱሪው አሻሸ፣ ቀና ብሎ ደመናውን አየ። «አልቀዋል። ፀሐይ ወጥቶ ካልሞቁ አይሆንም።»

«እንግዲህ ለዞን አትሆንም ማለት ነው» አለች የትምወርቅ።

«አምጣው ወዲህ! አንተ ደግሞ» አለ በዕውቀቱ። ድንጋዮቹን ከምንይሉ እጅ ነጥቆ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን በጥርሱ ቆርጠም ቆርጠም አደረገና መልሶ ከተታቸው። ቁልፉን ሲጫን ብረት ለበሷ እያጓራች ወደ ፊት ሄደች። ለቀስተኛው አጉረመረመ። በዕውቀቱ ደረቱን ነፋ።

«አመሰግናለሁ» አለች የትምወርቅ፤ ሪሞቱን ተቀብላ ድንጋዮቹን አወጣች። ከመሐረቧ ውስጥም ሌሎች ሁለት ፈታች። «አባ፣ ቀረብ ይበሉ። እነዚህ አሁን የተነከሱት እኔ የቀየርኳቸው፣ ከፖሊስ ጣቢያው ሬዲዮ የመጡ ያለቁ ድንጋዮች ናቸው። እነዚያ ደግሞ ሪሞቱ ውስጥ ያገኘኋቸው። የጥርሱን ምልክት ይዩልኝ።»

ቄሱ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። «ያው ነው። መሐሉ ላይ አንድ ጥርስ ጎድሏል።»

«ድንጋይ መንከስ ወንጀል ሆነ?» ሳቀ በዕውቀቱ። «አዳራሽ ስነዳት ነክሼው ይሆናላ!»

«ምንይሉ ድንጋዮቹን የሰጠው ከአዳራሹ በኋላ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጥርስ ሳይነካቸው። አንተ ደግሞ ያን ማታ ዞር ብዬ አላየኋትም ብለኸኛል።» አንቱታው ቀረ። «አባ፣ የሆነው እንዲህ ነው። በእርቅ ስም አረቄ አጠጣው። እንቅልፍ ሲጥለው ታዲዮስ ደጅ ያወጣውን ማንደጃ መልሶ አስገባና ወጥቶ በሩን ገጠመው። ከውጭ ሆኖ እጁን በተሰበረው መስኮት አስገብቶ ብረት ለበሷን በሪሞት ነዳት፤ ሽብልቁን ገፍታ በሩ ሥር ወተፈችው። ወለሉ ላይ የሞራ መንገዷ፣ ሽብልቁ ላይ ጭረቷ አለ። የድንጋይ ምት ግን የለም፤ ሲመታ ሰማሁ ያለው ውሸቱን ነው። የመንዝ ብርድ ያለቀውን ድንጋይ ጭራሽ ሲገድልበት፣ እንደ ልማዱ ነከሰው። ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለና ክፍተቱን በፌስታል ወተፈ። የወተፈው ከውጭ ነው። ውስጥ የሚሞት ሰው መስኮቱን ከውጭ ይወትፋል?»

በዕውቀቱ ዙሪያውን አየ፤ ከአጠገቡ የነበሩት ሁሉ ሸሽተውታል።

«ታዲዮስ 'ዞን ላይ ተነሥቼ የኔ ናት እላለሁ' አለኝ» አለ ድምፁ ቀጥኖ። «በሰው ሁሉ ፊት! ከንቲባው ሳይቀር ጨብጦኝ... ታርቀን እንኳ አልተውም አለኝ።»

«በእኔ መስቀል ፊት ነው የታረቅከው» አሉ ቄስ ወልደ ጻድቅ። «ጉልበቱን ስመህ ነው የተነሣኸው!»

ከየትምወርቅ ጋር የመጣው ፖሊስ ካቴና ሲያስገባለት በዕውቀቱ ወደ የትምወርቅ ዞረ። «ታዲያ ብረት ለበሷ አሁን በማን ስም ነው የምትቀርበው?»

የትምወርቅ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ እንዲህ ያስጸየፋት ግን አልነበረም። ሬሳ ፊት መትፋት ነውር ስለሆነ ምራቋን ዋጠች። «ውሰዱልኝ» አለች። «ቶሎ።»

ቄስ ወልደ ጻድቅ ወደ ጥሩሸዋ ሄደው አንገታቸውን ደፉ። «ልጄ፣ በደልኩሽ። ንጹሑን ሰው ከቅጥር ውጭ ልጥልብሽ ነበር። ይቅር በይኝ።»

ጥሩሸዋ እንባዋን ሳትጠርግ ቀና ብላ አየቻቸው።

«መጀመሪያ ፈትተው ይቅበሩልኝ፣ አባ» አለች። «ይቅርታውን ከዚያ በኋላ እናየዋለን።»