አባቷ ለደንበኞቹ የነገራቸው

ጓደኛዋ ሬዲዮ ልጅቷን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «አንቺ፣ ንቂ እንጂ። ልታንኮራፊ ምንም አልቀረሽ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። መድረኩ ላይ የኮሌጁ ዲን አሁንም ንግግራቸውን አልጨረሱም። ኮሌጁ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ «ላይኛው» ይለዋል፤ ወንዙ ዳር ያለው የሙያ ኮሌጅ ደግሞ «ታችኛው» ነው። ላይኛው ከመቶ አመልካች ጥቂቱን መርጦ የሚቀበል፣ ከተቀበላቸውም ብዙዎቹን ሳያስመርቅ የሚሸኝ ኮሌጅ ነው። እሷን ሁለቱም ተቀብለዋታል። የቱን እንደምትመርጥ እስከ ነገ ቀትር ማሳወቅ አለባት። ሬዲዮ፣ ወሬ ስለማያልቅባት ክፍሉ ስም ያወጣላት ጓደኛዋ፣ ውጤቷ ለላይኛው አልደረሰም፤ ዛሬ የመጣችው ግቢውን ለማየት ብቻ ነው።

ከንግግሩ በኋላ የሚያስጎበኛቸው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መጣ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«እዚህ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰናበቱት እንቅልፍን ነው» አለ። «እኔ ራሴ ትናንት ሌሊት ሦስት ሰዓት እንኳ አልተኛሁም።»

ልጆቹ በአድናቆት ሳቁ። «ልጁ አራዳ ነው» አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ።

ልጅቷ አልሳቀችም። ባለፈው ዓመት አባቷ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እናቷ ቀን ቀን፣ እሷ ማታ ማታ ያስታምሙት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ፕላስቲክ ወንበር ስባ ፊዚክስ አጥንታለች፤ ሲነጋ ፊቷን በሆስፒታሉ ቧንቧ ታጥባ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት ሄዳለች። እንቅልፍ ማጣት የሚያኮራ ነገር መሆኑን ያን ጊዜ የነገራት ሰው አልነበረም።

የሒሳቡ ክፍል ግን ሌላ ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉና «ማን ይሞክራል?» አሉ። ሁሉም ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ። እሷ ተነሣች። መሃል ላይ ተሳሳተች፣ አጠፋች፣ በሌላ በኩል ዞረች፣ ደረሰችበት። መምህሩ ጠመኔውን ከእጇ ተቀበሏት።

«እዚህ ትቸገሪያለሽ፤ ግን ትወጪዋለሽ» አሏት።

ደስ አላት። ደስታው ራሱ ደግሞ አደከማት።

አውቶቡስ ውስጥ ሬዲዮ እንደ ልማዷ ለቀቀችው። «በቃ አለቀ! ሰውየው እኮ አፉን ከፍቶ ነው የቀረው። እኔ ብሆን ዛሬውኑ ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር።»

«ታችኛውስ?»

«ምን ታችኛው? ጤና የለሽም? እሱ እኮ ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።»

«እኔ ወድጄዋለሁ።»

ሬዲዮ አየቻት፤ ቀልድ መሆኑን ስትጠባበቅ ቆየችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ታችኛውን ያየችው በቀደም ነው። ብቻዋን ነበር የሄደችው። የወርክሾፑ መምህርት፣ እጃቸው ግራሶ የነካው ወፍራም ሴትዮ፣ «ሻይ ጠጥተሻል?» ብለው ተቀበሏት፤ ከዚያ የተበላሸ የውኃ ፓምፕ ፊቷ አስቀምጠው ፍቺው አሏት። ስትፈታ ዋለች። ማንም አላጣደፋትም። ቤት ገብታ ራቷን ሳትበላ ተኛች፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ሳትባንን ያደረችው ያን ሌሊት ብቻ ነው።

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥናል ይሉት ነበር፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ፀጉሩን ቀንሶ ወሬ ጨምሮ ይሄዳል። በሚቀጥለው ወር ሁለተኛ ወንበር እገዛለሁ ሲል ዓመታት አለፉ። በወጣትነቱ የታወቀ የእግር ኳስ ተጫዋች እንደነበር ይምላል፤ ኳስ ሲመታ ያየው ሰው ግን የለም። «ልጄ ላይኛው ኮሌጅ ትገባለች፤ ኢንጅነር ናት» የሚለውም ከዚያው ወሬው ጋር ነበር፣ እሷ ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች። ደንበኞቹም «ኢንጅነሯ» እያሉ ይጠሯት ጀመር። እሱ ሲሞት ስለ ወንበሩም ስለ ኳሱም የጠየቀ የለም። ያችን አንዷን ወሬ ግን ኑዛዜ አደረጓት።

ማታ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ የፀጉር ማስተካከያ ሱቁን ፎጣዎች እያጠፈች ነበር።

«ታችኛው» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «ደክሞሽ ነው?»

«ደክሞኛል። ግን በሱ ብቻ አይደለም፤ እዚያ ደስ ይለኛል።»

«እኔ ምን እላለሁ፣ የምትማሪው አንቺ።» አንድ ፎጣ አጥፋ መልሳ ፈታችው። «ሱቅ የምመላለሰው ለምን ይመስልሻል? አሁን ሱቁን የያዘው አጎትሽ እኔን ምን ያደርገኛል? ደንበኛ ሲገባ ስላንቺ ይጠይቃል። ‹አባቷ እንዲህ ብሎኝ ነበር› ይላል። በዚህ ሰበብ ስሙ ይነሣል። ሌላ ጊዜ ማን ያነሣዋል?»

ልጅቷ አብራት ፎጣ አጠፈች።

በማግሥቱ ቅዳሜ ስለነበር ሱቁን ልትጠርግ ሄደች። መቀሱን የወረሰው አጎቷ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ እጁ ጥሩ ነው፣ ወሬ ግን አያውቅም። ወንበሩ ላይ ጡረታ የወጡት የባቡር ሹፌር በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። እናቷ በሩ አጠገብ ፎጣ ትደረድራለች።

«እህ፣ ኢንጅነሯ» አሉ ሹፌሩ በመስታወቱ እያዩዋት። «መቼ ነው ሽቅብ የምንሸኝሽ? አባትሽ እዚሁ ወንበር ላይ ስንት ጊዜ አደንቁሮኛል መሰለሽ።»

የእናቷ እጅ ፎጣው ላይ ቆመ። ልጅቷ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፈችው።

«ታችኛው ኮሌጅ ነው የምገባው፣ ጋሼ።»

«ኧረ? አልተቀበሉሽም እንዴ?»

«ተቀብለውኛል። እኔ ነኝ የመረጥኩት።»

«እሱ ግን ላይኛው ነበር ያለኝ።»

«አዎ፣ እሱ ብሎዎታል። እኔ አላልኩም።»

የመቀሱ ድምፅ ቀጥ አለ። አጎቷ በመስታወቱ እህቱን አየና ሥራውን ቀጠለ። ሹፌሩ ከንፈራቸውን ነከስ አደረጉ፤ «እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ ይሁን» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በኋላ የአባቷን ስም ያነሣ የለም። እናቷ ፎጣዎቹን ደርድራ ጨርሳ፣ እንደገና ከታች ጀመረች።

ልጅቷ ወጣ ብላ ለታችኛው ኮሌጅ ደወለች። ስሟን ነገረች፣ እንደምትገባ አረጋገጠች፣ ዘጋች። ለላይኛውም ደውላ ይቅርታ ጠየቀች፤ የሒሳቡን መምህርም እንዲያመሰግኑላት አደራ አለች። ስትመለስ ሱቁ እንደተወችው ነበር፤ መቀስ ብቻ ይሰማል።

አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ» አለች፣ «አባዬ ሆስፒታል ሳለ ከጎኑ የተኙትን ሰውዬ ፀጉር እንደቆረጠ ያውቃሉ?»

ሹፌሩ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «በዚያ ሕመሙ?»

«በዚያ ሕመሙ። ማታ ነው፣ ነርሷ ሳታይ። መቀስ ከየት እንዳመጣ እንጃ። በግራ በኩል አሳምሮ ቆረጠና ደከመው። ‹ቀኙን ነገ› አላቸው። በነጋታው ደግሞ መነሣት አቃተው። ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ ግማሽ ራሳቸው ተቆርጦ፣ ግማሹ እንደጎፈረ ተኙ። ሐኪሞቹም እማዬም እንዳያውቁባቸው ቀን ቀን በግራ ጎናቸው ይተኙና ቀኙን ብቻ ያሳያሉ።»

ሹፌሩ ጨርቁ ውስጥ ሆነው በሳቅ ተንፈቀፈቁ። «ቆይ፣ ቆይ፣ አይንቀሳቀሱ» አለ አጎቷ፤ እሱም ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

እናቷ ፎጣ በእጇ እንደያዘች ቆማለች። ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል እሷ አልነበረችም።

«መቼ ነው ይሄ?» አለች። «ለኔ አልነገርሽኝም።»

ልጅቷ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለችላት።

«ነይ ተቀመጪ» አለቻት። «ብዙ አለ።»