በባዶው ወረቀት ላይ የተሣለ ቀስት

ደርበው በጀርባው ወድቆ ሞቶ ነበር። ደረቱን የመታው ጣውላ ከጎኑ ተጋድሟል። ማሽኑን የሚያጠፋው ስላልነበረ ፖሊሶች እስኪደርሱ ድረስ ለብቻው ይዞር ነበር።

ከፖሊሶቹ ጋር ሙኒራ መጣች። ሙኒራ የወሎ ሴት ናት፤ ለፖሊስ ታስተረጉማለች። መኮንኑ ጥያቄውን ሁሉ ለእሷ መተው ከጀመረ ቆይቷል።

ጂዳ፣ ኦብሑር ባለው ቪላው ግቢ አሮጌ የእንጨት መላጊያ ማሽኖች የሚሰበስበው ኢያድ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። ደርበው አናጢው ነበር።

«ሞተሩ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይዞራል» አላት ኢያድ በዐረብኛ። «ማብሪያው ላይ የነበረው ምልክት ጠፍቷል። እንጨት የሚገፋው ከቢላው ዙር በተቃራኒ ነው፤ አብሮት ከተገፋ ነጥቆ ይወረውረዋል። ሲፈጥን ደግሞ ዙሩ በዓይን አይለይም። ደርበው የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ አመነ፤ መመሪያው ዋሸው።»

ሙኒራ አሮጌውን መመሪያ ገለጠች። ከሥዕሉ መካከል ብል የበላው ቦታ በአዲስ ወረቀት ተሞልቷል። በአዲሱ ወረቀት ላይ የቢላውን ዙር የሚያሳይ ቀስት አለ። የሚያመለክተው በተሳሳተው አቅጣጫ ነው።

«ያደሰችው ተናኘ ናት» አለ ኢያድ። «ዋስ ሆኜ የማሠራት ከፊሏ እኔ ነኝ። ግን ምን ላድርግ? ኸላስ፣ አለቀ።»

መኮንኑ ተናኘን ሊያስር ተነሣ። ሙኒራ አስቀድሜ ላናግራት አለችው።

ተናኘ ሰቢል ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል የቆዩ መመሪያዎችን እየጠገነች ትኖራለች። ጠረጴዛዋ ላይ የስንዴ ሙጫ፣ ውሃና መጫኛ ብረቶች ነበሩ።

«ቀስቱን አንቺ ነሽ የሣልሽው?»

«እኔ ያላየሁትን አልሥልም።»

«እንዴት ማለት?»

«ብል የበላውን በባዶ ወረቀት እሞላለሁ። እዚያ ምን እንደነበረ የሚያውቀው ያተመው ሰው ነው። ሌሎቹን ገጾች እያቸው።»

ሙኒራ ይዛ በመጣችው መመሪያ ውስጥ አየቻቸው። ሙሌቶቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ።

«ይህን ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? ፖሊሶቹ ከበር ሲገቡ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ ኢቃማሽን አምጪ ነው ያሉኝ። ኢቃማዬ ያለው ከፊሌ ዘንድ ነው።»

«ደርበውን ታውቂው ነበር?»

«ጾም ሲገባ ቀድሞ የሚደውልልኝ እሱ ነበር።» አላለቀሰችም። የሙጫውን ክዳን ከደነች።

«መጽሐፉን ስትሰጪ ደርቆ ነበር?»

«አልደረቀም። የኢያድ ሾፌር አብዱሰላም በር ላይ ቆሞ ያላ ያላ እያለ ሲያጣድፈኝ፣ እርጥበት መጣጭ ወረቀት ሙሌቱ ላይ አድርጌ ዘግቼ ሰጠሁት። ሳይደርቅ እንዳትከፍተው ብዬዋለሁ።»

ጂዳ ያደገው አብዱሰላም ጃሚዓ ሰፈር መኪናውን ሲያጥብ ተገኘ። በኋላው ወንበር ላይ ለዑምራ የሚለበስ ነጭ የኢሕራም ፎጣ ተጥሏል። ሙኒራ አየችው።

«መጽሐፉን ወዲያው አደረስከው?»

«የለም፣ እትዬ ሙኒራ። መካ ዑምራ ነበረኝ፤ ከእኔው ጋር አደረ። በማግስቱ ለኢያድ ሰጠሁት። ማንም አልነካውም።»

«ዑምራህን አላህ ይቀበልህ።»

«አሚን።»

«የተጎዳው ወንድምህስ? አገር ቤት እንዴት ሆነ?»

አብዱሰላም ስፖንጁን ጨመቀ። «በግራ እጁ መብላት ለመደ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ኢያድ ግቢ፣ ከቆመው ማሽን አጠገብ ተሰበሰቡ። ሙኒራ መመሪያውን ዘረጋች።

«የቀስቱን ዳር እዩት፤ ቀለሙ ተሰራጭቷል። እንዲህ የሚሆነው ወረቀቱ እርጥብ ሳለ ነው። ኢያድ፣ ስትረከበው እንዴት ነበር?»

«ደረቅ።»

«እንግዲያው አንተ አይደለህም።»

«ታዲያ ሴትየዋ ናታ!» አለ መኮንኑ።

ሙኒራ ከገጾቹ መካከል መጣጩን ወረቀት አወጣች። «ይህ ከሙሌቱ ጋር ተጣብቆ ነው ከቤቷ የወጣው። ሥላ ብትዘጋው ኖሮ ቀለሙ እዚህ ይታተም ነበር። ንጹሕ ነው። ስለዚህ ቀስቱ የተሣለው ከእሷ እጅ ከወጣ በኋላ፣ ኢያድ እጅ ከመግባቱ በፊት ነው።» ወደ አብዱሰላም ዞረች። «ማንም አልነካውም ያልከው አንተ ነህ። ቀለሙን በምን አደረቅከው?»

አንድ ፖሊስ ከአብዱሰላም መኪና ያመጣውን የኢሕራም ፎጣ ሙኒራ ዘረጋችው። ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ቀስት ታትማ ነበር። ስትታተም ስለተገለበጠች የምታመለክተው በትክክለኛው አቅጣጫ ነበር።

«እጁን ብቻ ነበር ያሰብኩት» አለ አብዱሰላም። ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም። «እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ደርበው ዙሩን ቀይሮ ሳይነግረው ነው ወንድሜ ቀኝ እጁን ያጣው። ከዚያ ጥፋቱ የወንድሜ ነው ብሎ መሰከረበት። ቢላው በትክክል ወዴት መዞር እንዳለበት ወንድሜ ነግሮኝ ነበር፤ ገልብጬ ሣልኩት። መካ ስገባ ገጹን ልቅደደው ብዬ ነበር።»

«ለምን አልቀደድከውም?»

አብዱሰላም ሁለቱን እጆቹን ለፖሊሱ ዘረጋ። ወሰዱት።

ኢያድ ኢቃማዋን ከኪሱ አውጥቶ ለተናኘ ሰጣት። እሷም አየችውና ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ኢያድ በዐረብኛ አንድ ነገር አላት፤ ሙኒራ አስተረጎመችው።

«አሁንማ ዙሩ ታወቀ፤ ትክክለኛውን ቀስት ሣይልኝ ይልሻል።»

ተናኘ ጣቷን ውሃ አስነክታ የሙሌቱን ጠርዝ አራሰች። ሙጫው እስኪለቅ ጠበቀች። ቀስቱ ያለበትን ወረቀት በቀስታ አንሥታ ለመኮንኑ ሰጠችው።

«ደርበው የሞተበትን ቀስት ነው ያየሁት» አለች ለሙኒራ፤ «ያተሙትን አላየሁም በዪው።»

በቦታው ከቦርሳዋ ያወጣችውን ሌላ ወረቀት ሙጫ ቀብታ ለጠፈች፤ ባዶ። መጣጩን ወረቀት አልብሳ ብረት ጫነችበትና እስኪደርቅ አጠገቡ ተቀመጠች።