ከሸራው የተፋቀው

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ፈጠራ የሚመስለው ሰው እዚሁ ላይ ያቁምና ወደ ሥራው ይሂድ።

ድሮ ቢሆን "ውሸት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው" ብዬ እምልላችሁ ነበር።

አሁን በዓይን አልምልም... ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ጊዜው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይ ፍጥጥ ብላለች። ቦታው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ትልቅ መስኮት ያለው የሰዓሊ ክፍል ነው።

የክፍሉ ባለቤት ሽማግሌ ሰዓሊ ናቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው። ይኸው እስከ ዛሬም አንቱታውን መተው አቅቶኛል።

እሳቸው የሳሉት ሰው ይተነፍሳል ይባላል። እጃቸው ግን መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የሚቀበሉት አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ ያኔ እኔ ነበርኩ።

ስድስት ወር ሙሉ አንድም ቀን "ጎበዝ" አላሉኝም።

ለዚያች ቃል ስል ያደረግኩትን ነው የምነግራችሁ።

"የምትወጂውን ሰው አምጪ" አሉኝ አንድ ቀን። "የማትወጂውን መሳል ግድግዳ መቀባት ነው።"

ታናሽ እህቴን ወሰድኳት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ወሬ የማትጨርስ፣ አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ሞቷ የሆነ ልጅ ናት።

"እትዬ፣ አፍንጫዬን ደግሞ እንዳታገዝፊው!" እያለች ስታስቀኝ ዋለች።

እሳቸው አልሳቁም።

አሠራራቸው እንዲህ ነው... የቀኑ ሥራ ሲያልቅ ያልጣማቸውን ቦታ በቀለም ቢላዋ ይፍቁታል። ሌላውም ሰዓሊ ይፍቃል፤ ግን ፍቅፋቂውን በጨርቅ ጠርጎ ይጥለዋል።

እሳቸው ብልቃጥ ውስጥ ያስቀምጡታል።

መደርደሪያው ላይ ብልቃጡ ብዙ ነው። በየላያቸው ወረቀት ተለጥፏል። "እናት"... "ወንድም"... "እጮኛ"... የእጅ ጽሑፉ የአንድ ሰው አይደለም።

ውስጣቸው ካለው ቀለም አንዱም አልደረቀም።

በመጀመሪያው ቀን እኔ ከሳልኩት ላይ ግራ ጆሮዋን ፋቁት።

ቤት ስንገባ "እትዬ፣ በዚህ በኩል አይሰማኝም" አለችኝ። እናቴ "ኩክ ይሆናል" ብላ ዘይት ጠብ አደረገችላት።

በሦስተኛው ቀን ቀኝ እጇን ፋቁት። ራት ላይ ብርጭቆው አምልጧት ተሰበረ። ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ።

ያኔ ገባኝ። አልገባኝም ብል ዋሸኋችሁ።

በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ግን ይዣት ሄድኩ። "ድካም ነው" አልኳት። አመነችኝ። እኔን ያላመነችበት ቀን የለም።

የዚያን ቀን ዓይኖቿን ሳልኩ።

ወገኖቼ... በሕይወቴ እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም። ሳቋ ሳይቀር ዓይኗ ውስጥ ነበር። ጋሼ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ አረፈ።

ቢላዋውን እጄ ላይ አስቀመጡት። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም።

"ዓይኑ ልክ አይደለም" አሉ በሹክሹክታ።

"ልክ ነው፣ ጋሼ..."

"ፍቂው።"

"ጋሼ፣ እህቴ ናት..."

"አውቃለሁ። ሰዓሊ ነሽ ወይስ እህት?"

እህቴ ከወንበሯ ላይ "ምንድነው የምትንሾካሾኩት? አስቀያሚ ሆንኩ እንዴ?" ብላ ሳቀች።

ቢላዋውን ጥዬ፣ እጇን ይዤ ደረጃውን መውረድ እችል ነበር። በሩ ክፍት ነው። የያዘኝም ሰው የለም።

ፋቅኩት።

መጀመሪያ ግራውን... ከዚያ ቀኙን።

"ጎበዝ" አሉኝ።

ደስ አለኝ... ለአንዲት ሰከንድ፣ አፈር በበላሁ፣ ደስ አለኝ።

"እትዬ" አለች እህቴ። "መጋረጃውን ለምን ዘጋችሁት?"

ያ መስኮት መጋረጃ የለውም። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ነበረች።

ጋሼ ብልቃጥና እስክሪብቶ አቀበሉኝ። "ጻፊበት" አሉ። በገዛ እጄ "እህት" ብዬ ጻፍኩ።

ይኸው ዓመት ሆነው። ያንን ክፍል ዳግም አልረገጥኩም። ብሩሽም አልነካሁም። ሐኪሞቹ "ዓይኗ ጤነኛ ነው፣ ለምን እንደማታይ አልገባንም" ይላሉ። እሷ እስካሁን አንድ ቀን አልወቀሰችኝም፤ የሚገድለኝም እሱ ነው።

ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ግራ እጇን ይዤ ነበር። ድንገት ቀና አለች።

"እትዬ... ታየኝ።"

"ምን ታየሽ?"

"መስኮት... ሽማግሌው... ብሩሹን ብልቃጥ ውስጥ እየነከረ ነው። ወንበሩ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች።"



"አንቺም አለሽ" አለች፣ እጄን ጠበቅ አድርጋ እየያዘች። "ከጎኑ ቆመሻል... ቢላዋ ይዘሻል..."

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

"እትዬ... እዚያ ቆመሽ ምን ያስቅሻል?"