የወለተ ሥላሴ ሙት ዓመት

«የእናትሽ የክርስትና ስም ማን ነበር?» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ፣ የጠላውን ጋን እያጠኑ። «ነገ ቄስ አምባቸው ሲመጡ ይጠይቁናል።»

«ረሳሁት፣ እትዬ።»

«ጉድ ፈላ! የእናት ስም ይረሳል?»

አበቡ አልረሳችውም። ወለተ ሥላሴ ነው። ነገር ግን ቄስ ስሙን ከሙታን ጋር ከጠራው ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እናቷ ፈንታዬ ደግሞ፣ አበቡ እስከምታውቀው ድረስ፣ አልሞተችም።

አምና ረሃቡ አገራቸውን ወግዲን ባዶ ሲያስቀራት፣ ፈንታዬ ልጇን ይዛ እስከ መካነ ሰላም በእግሯ መጣች። እዚሁ በር ላይ ቆማ የልጇን ነጠላ አስተካከለችና «እናቴ ሞታለች በይ» አለቻት። «እናት ያላትን ልጅ ማን ያስጠጋል? ወደ እናትሽ ሂጂ ነው የሚሉሽ።» ከዚያ ወደ ገበያው ወረደች። ዞር ብላ አላየችም። አበቡም እንደተነገራት አለች። ወይዘሮ ይታይሽ ልጅ ያልወጣላቸው ደግ ሴት ነበሩና አቅፈው አስገቧት፤ አለበሷት፣ ትምህርት ቤት አስገቧት። ደግነታቸው ግን ልክ አጣና ለማያውቋት ሴት ሙት ዓመት ደገሱ።

አበቡ ያን ቃል ካወጣች ጀምሮ እናቷ ትከተላታለች። ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ ከጀርባዋ የቆመች ይመስላታል፤ ፈርታ ግን አትዞርም። ገበያ ውስጥ የእናቷን አረማመድ ታይና ሮጣ ስትደርስ ሌላ ሴት ትሆናለች። «አሟረትኩባት» ትላለች ለራሷ። «በአፌ ገደልኳት።»

ያን ሰሞን እቤታቸው የተከራየች እንግዳ ነበረች፤ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ሐረግ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ። ሥራዋ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያሳድጉ ማጥናት ነው። ራዲዮኑ ስለ አብዮቱ፣ ዘማች ተማሪዎቹ ስለ መሬት ሲጮኹ፣ እሷ በየቤቱ እየዞረች ስለ ልጅ ትጠይቃለች። በመጀመሪያው ቀን «ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» ብትል፣ እናቶቹ ለቅሶ ልትደርስ የመጣች መስሏቸው የሞቱባቸውን ልጆች እየጠሩ አለቀሱ። ሐረግም ስህተቱን አላረመችም፤ ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ አብራ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ «ጠያቂዋ» የሚል ስም ወጣላት።

ከሰዓት በኋላ አበቡን ጓሮ፣ እንጨት ክምሩ ሥር ኩርምት ብላ አገኘቻት።

«አብሽሪ፣ አበቡ። ምን ሆነሻል?»

«ምንም።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «ያንቺ ትምህርት ምን ይላል? ልጇን ሰጥታ ዞር ብላ ያላየች እናት፣ ልጇን ትወዳለች?»

ሐረግ አጠገቧ ተቀመጠች። «እኔ ያደግሁት ኩታበር፣ አክስቴ ዘንድ ነው። እናቴ ስትሰጠኝ ዞር ብላ አላየችኝም። ለምን ብዬ ስጠይቅ ስጠይቅ፣ ይኸው መተዳደሪያዬ ሆነ።»

«መልሱን አገኘሽው?»

«የእናቴን አላውቅም፤ ሞታለች። ከላላ ወረዳ ያገኘኋት አንዲት እናት ግን ‹ዞሬማ ባይ እግሬ እምቢ ይለኝ ነበር፤ ይዣት ተመልሼ አብረን እናልቅ ነበር› አለችኝ።»

«‹ሞታለች በይ› የሚሉስ አሉ?»

ካፏ አመለጣት። ሐረግ ትክ ብላ አየቻት።

«ብዙ ናቸው» አለች ቀስ ብላ። ሌላ ምንም አልጠየቀቻትም።

አበቡ ሌሊቱን ስታሰላስል አነጋች። እውነቱን ብትናገርና ወይዘሮ ይታይሽ ውሸታም ብለው ቢያስወጧትስ? መሄጃ የላትም። ዝም ብትል ደግሞ እናቷን ሁለተኛ ልትገድላት ነው።

በማግስቱ ዳሱ በጎረቤት ሞላ። ቄስ አምባቸው ለጸሎት ተነሡና «የክርስትና ስሟ?» አሉ።

«ልጅቱ ረስታዋለች፣ አባ» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ።

«አልረሳሁትም» አለች አበቡ። «ወለተ ሥላሴ ነው። ግን አባ፣ ከሙታን ጋር አይጥሩብኝ። ከሕያዋን ጋር ይጥሩልኝ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«አለች እንዴ?» አሉ ቄሱ።

«አላውቅም፣ አባ። ሞታለች በይ ያለችኝ ራሷ ናት። አምና፣ እዚህ በር ላይ።»

ወይዘሮ ይታይሽ ከነበሩበት ሲነሡ አበቡ ሰማች፤ ቀና ብላ ለማየት ግን ድፍረት አጣች። ቄስ አምባቸው ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ወለተ ሥላሴን ባለችበት ጠብቅልን» ብለው ጀመሩ።

ያን ጊዜ እንደ ወትሮው ከጀርባዋ ሰው የቆመ መሰላት። አበቡ ዞር ብላ አየች።

ወይዘሮ ይታይሽ ነበሩ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል።

«ዓመት ሙሉ ይህን ብቻሽን ተሸክመሽ!» አሉ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉና ማንቆርቆሪያውን አስያዟት። «ምን ትገተሪያለሽ? ሰዉ ጠማው፤ ነይ ቅጂ።»

አበቡ ለእንግዶቹ ሁሉ ቀዳች። ሰዉ ሲሄድ፣ እናቷ የተለየቻትን በር ጠርቅሞ የመዝጋት ተራው የእሷ ነበር። ገርበብ አድርጋ ተወችው።